ድሬዳዋ ውስጥ ሸክላ የት ይገኛል? ስለ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅና ስለ አንድ "የጃዝ ምሽት"

እዚህ ከተማ ጃዝ የሚወድ ሰው የሙዚቃ ሸክላ ሲያምረው አዲስ አበባ ይሄዳል። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ። መርካቶ፣ ፒያሳ፣ የማውቀው ሰው የሚያውቀው ሰው ቤት፣ ከዚያ ባዶ እጄን ወይም ባዶ ኪሴን ይዤ መመለስ። ይሄን ሱቅ ያገኘሁት ሸክላ ስፈልግ አይደለም። የእናቴን ሬዲዮ ላስጠግን ሄጄ ነው። ሬዲዮው አልተሠራም። እስካሁንም አልተሠራም፣ እሱን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ።

ሱቁ ከቀፊራ ገበያ ወጣ ብሎ ነው። ስም የለውም። በሩ ላይ "ሬዲዮና ቴፕ እንጠግናለን" የሚል በቀለም የተጻፈ ጽሑፍ አለ፣ "ቴፕ" የምትለዋ ቃል ግማሿ ተልጣለች። ውስጡ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው ደጅ ነው። ግድግዳው ሆዱ የተከፈተ ሬዲዮ፣ የሽቦ ጥቅልና አውራ ጣት የማያስገባ ዕቃ ሁሉ ነው። ሸክላዎቹ ጠረጴዛው ሥር በሙዝ ካርቶን ተቀምጠዋል። ሦስት ካርቶን። ማንም አይነግርህም፣ ጎንበስ ብለህ ማየት አለብህ።

ባለቤቱ አዛውንት ናቸው፣ ሰፈሩ በሙሉ "ጋሼ" ነው የሚላቸው። ስማቸውን አልጽፍም፣ ዝናም አይወዱም።

የሱቁን ትልቁን ደግ ነገር ላስቀድም። ጋሼ ሳያሰሙ አይሸጡም። ላሰማህ ወይ ብለው አይጠይቁም እኮ፣ እምቢ ብትል ራሱ አይሸጡልህም። አንድ ቀን ቸኩዬ ነበር፣ ባጃጁ ደጅ እየጠበቀኝ ነው፣ "ጋሼ ግድ የለም ይጠቅልሉልኝ፣ ቤቴ እሰማዋለሁ" ብላቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አዩኝ። "ቤትህ ሰምተህ ከተመለስክብኝ ማን ነው የሚጣላው? እኔና አንተ። ቁጭ በል።" ባጃጁን ሸኘሁት።

አሰማማቸው ደግሞ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። መጀመሪያ ሸክላውን በሁለት መዳፋቸው መሃል ዳሩን ብቻ ይዘው ወደ አምፖሉ ያዘነብሉታል። ብርሃኑ በመስመሮቹ ላይ እየተንሸራተተ ሲሄድ ጭረቱ በነጭ ይታያል። ጣታቸውን አያስነኩትም። ጥፍራቸውን ሳያሳርፉ ከጭረቱ በላይ ያንዣብቡና "ይቺ አትዘልም፣ ትንኮሻኮሻለች እንጂ" ይላሉ፣ ወይም "ይቺ ትዘላለች"። እስካሁን አንዴ ብቻ ነው የተሳሳቱት። ከዚያ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አቧራውን ያራግፋሉ፣ መርፌውን ከሥሩ በትንሹ እፍ ይላሉ፣ ክንዱን ያወርዱታል። ጠብ ይላል ያ ድምፅ። ኮሽ ኮሽ። ሙዚቃው ከመምጣቱ በፊት ያለችው ያቺ ሦስት ሰከንድ ለእኔ ከምንም ትበልጣለች፣ ሰው ሊስቅብኝ ይችላል፣ ይሳቅ።

የሸክላ አጠባንም ከእሳቸው ነው የተማርኩት። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ክቡን ተከትሎ መጥረግ፣ በፍጹም ከመሃል ወደ ዳር አለመሳብ። መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት አለማርጠብ። የድሮዎቹን ባለ 78 ዙሮች (በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩትን) ደግሞ በአልኮል እንዳትነኩ፣ የተሠሩበትን ነገር ያሟሟዋል። ሁሉም ሸክላ ይባሉ እንጂ እንደ ሸክላ ከእጅ ወድቆ የሚሰበረው ያ የድሮው ነው። ባለ 45ቱና ትልቁ ባለ 33ቱ (ኤልፒ የሚባለው) ፕላስቲክ ናቸው። አይሰበሩም፣ ይጣመማሉ።

እዚህ ላይ ነው የሱቁ ችግር የሚጀምረው። ድሬ ናት። ሚያዝያ ላይ ያ የቆርቆሮ ጣሪያ ምን እንደሚያደርግ ለድሬ ልጅ አልነግርም። ጋሼ በጆሮ ሊቅ ሆነው በአቀማመጥ ግን ግዴለሽ ናቸው። ሸክላዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው ነው የሚቀመጡት። ክብደትና ሙቀት አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ታውቃላችሁ። ሦስተኛው ካርቶን ግድግዳው ጥግ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፍበት። ከዚያ ካርቶን ያወጣሁት አንድ ኤልፒ ዳር ዳሩ እንደ ሰፌድ ከንፈር ተነስቷል። መርፌው ሲዞርበት ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ፣ ጀልባ ላይ ያለ ይመስላል። "ጋሼ እባክዎ በቁም ይደርድሯቸው፣ እንደ መጽሐፍ" አልኳቸው። "እሺ" አሉኝ። ከስድስት ወር በፊት ነው።

ሌላው ዋጋ ነው። የተጻፈ ዋጋ የለም። አንድ ባለ 45 ማክሰኞ ጠዋት 1,500 ብር ተባልኩ። ያንኑ ቅዳሜ ከሰዓት 900 ብር። ምክንያቱን ጠርጥሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከበርጫ በኋላ ነው፣ ሰውዬው ምርቃና ላይ ነበሩ፣ ዓለም ሁሉ ወዳጃቸው ነበር። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። ግን ቅዳሜ ደግሞ ወሬው ስለማያልቅ ሸክላ ሊሰሙ የሄዱ ሰዎች የምድር ባቡርን ታሪክ ሰምተው ይመለሳሉ።

ታሪኩም ከንቱ አይደለም። ካርቶኑ ውስጥ ካሉት የውጭ ሸክላዎች ብዙዎቹ ሽፋናቸው በፈረንሳይኛ ነው። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ጣሊያኑም፣ ፈረንሳዩም እዚሁ ከዚራ ሰፈር ኖሯል፣ ባቡሩም ከጅቡቲ ዕቃ ያራግፍ ነበር። አሜሪካዊውን የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተንን እዚያ ካርቶን ውስጥ ሳገኘው መጀመሪያ ማመን አቃተኝ። ሰውዬው እኮ እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ድረስ መጥቷል፣ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ነበር። በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተ። ኤልፒው የተቧጨረ ቢሆንም አንደኛው ገጽ ጤነኛ ነው። ገዝቼዋለሁ፣ ሁለተኛውን ገጽ አልነካውም።

የአገር ቤቶቹ በአብዛኛው ባለ 45 ናቸው፣ አንድ ገጽ ሦስት አራት ደቂቃ። የአምሃ ሪከርድስ ማኅተም ያለባቸውን ሳይ እጄ ይንቀጠቀጣል። አምሃ እሸቴ በ1969 (ይሄም እ.ኤ.አ. ነው) ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ ማሳተም የጀመረ ወጣት ነው። ማተሚያው እዚህ ስላልነበረ ውጭ እየተላከ ነበር የሚታተመው። ስድስት ዓመት ያህል ሠርቶ በ1975 አገር ለቀቀ፣ ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላ ቀረ። የዚያ ዘመን ሸክላ ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው፣ ዘመኑ አጭር ነበር። ዛሬ ውጭ አገር እንደገና እያሳተሙት ነው፣ ጥራቱም ጥሩ ነው፣ የሙላቱን የ1972 አልበም እኔ ራሴ በአዲሱ እትም ነው ያለኝ። ኦሪጅናል ካልሆነ አልሰማም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እንደነሱ አይደለሁም። ሸክላ ለማሳየት ሳይሆን ለመስማት ነው፣ አዲሱ እትም ደግሞ አይንኮሻኮሽም።

ስለ ዓሊ ቢራ አትጠይቋቸው። ማለቴ ጊዜ ካላችሁ ጠይቁ። ዓሊ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፣ የኦሮምኛ ሙዚቃ ባንዱ አፍራን ቀሎም እዚሁ ድሬ ነው የተቋቋመው፣ እና ጋሼ ያንን ዘመን ሲያነሱ ጠመንጃ ብየዳው (የሽቦ መበየጃዋን እንዲህ ነው የሚሏት) እጃቸው ላይ እስኪቀዘቅዝ ያወራሉ። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዓሊ ያረፈ ሰሞን ሱቁ ቀኑን ሙሉ የእሱን ብቻ ያጫውት እንደነበር ጎረቤቱ ነግሮኛል።

እሺ፣ አሁን ወደ ላይቭ ልምጣ። ሸክላ ሰብሳቢ ሁሉ ላይቭ አይወድም የሚባለው ውሸት ነው። እኔ ላይቭ ለመስማት ሐረርም ሄጄ በሌሊት ተመልሻለሁ። ግን ባለፈው ወር እዚሁ ከተማ አንድ ሆቴል (ስሙን ልተወው) "የጃዝ ምሽት" ብሎ ለጠፈ። መግቢያ 300 ብር፣ አንድ ቢራ አብሮ አለው። ጓደኛዬን ጎትቼ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ የመጡ አራት ልጆች ናቸው፣ ድራም፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ሳክስ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ይሄ ይሰመርልኝ።

ችግሩ ሞንታርቦው ነው። ግቢው ክፍት ሆኖ፣ ጠረጴዛው ሃያ ሆኖ፣ ስታዲየም የሚበቃ ድምፅ ለቀቁብን። ቤዙ ደረት ላይ ይመታል እንጂ ምን እንደሚጫወት አይለይም። ጓደኛዬ በስልኩ እየጻፈ ነበር የሚያወራኝ፣ አጠገቤ ተቀምጦ! ሳክሱ ሲጀምር ደስ ብሎኝ ወንበሬን አስጠጋሁ። የአምባሰልን ቅኝት ነበር የያዘው። ቀስ እያለ እየከፈተው፣ አንዷን ድምፅ እየጎተታት፣ ገና ወደ ላይ ሊወጣ ሲል መድረክ መሪው ማይኩን ይዞ ገባ። "ጠረጴዛ ቁጥር ሰባት! እንኳን ተወለድክ!" ኬክ መጣ። ኪቦርዱ የልደት ዘፈን መታ። ሳክሱ ልጅ መሣሪያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሁለት እጁን አጣምሮ ቆመ። አቦ፣ ልደት እጠላለሁ አላልኩም። ግን እንዴት መሃል ላይ?

ከዚያ በኋላ ዘፋኝ መጣ፣ ሌላ ዘፋኝ መጣ፣ ጭፈራ ሆነ። መጥፎ አልነበረም፣ ጃዝ ግን አልነበረም። ሰው ለመጨፈር ከመጣ "የጭፈራ ምሽት" ብሎ መለጠፍ ምን ነውር አለው?

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰዉ ተበተነ። የድምፅ ባለሙያው ትልልቆቹን ሞንታርቦዎች አጥፍቶ ሽቦ መጠቅለል ጀመረ። እኛ ሒሳብ እየጠበቅን ነበር። ሳክሱ ልጅ የመሣሪያውን አፍ አውልቆ በመሐረብ ጠራረገና መልሶ ገጠመው። ለማንም ሳይሆን የባቲን ቅኝት ጀመረ። ያለ ማይክ። ቤዙ ያቺን ትንሽ ሣጥን ማጉያውን ብቻ አብርቶ ከኋላው ገባ፣ ድራም የሚመታው ልጅ በብሩሽ ዱላው የድራሙን ቆዳ ያሻሽ ጀመር፣ አስተናጋጆቹ ወንበር መገልበጡን ትተው ቆሙ፣ እና ለአሥር ደቂቃ ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ ላነሰ፣ ከዚራ ውስጥ እውነተኛ ጃዝ ሰማሁ። እያንዳንዱ ድምፅ የት እንደተነሳና የት እንዳረፈ ይለይ ነበር። ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል። አምስት ሰው ነበርን። 300 ብሬን ለዚያ ቆጥሬዋለሁ።

ያ ሆቴል ደግሞ ካዘጋጀ እሄዳለሁ፣ ግን አምስት ሰዓት ላይ ነው የምሄደው።

በማግስቱ ከሰዓት ጋሼ ጋ ሄጄ ይሄን ሁሉ ነገርኳቸው። ምንም አላሉኝም። ሁለተኛው ካርቶን ውስጥ ገብተው አንድ ባለ 45 አወጡ። ወረቀቱ ተልጧል፣ ስሙ አይነበብም። ሲያሰሙኝ ሳክስ ነው፣ ግን ሳክሱ ሽለላ ነው የሚሸልለው። ጌታቸው መኩሪያ የሰው ጉሮሮ የሚያወጣውን ሽለላና ፉከራ ወደ ሳክስ ያመጣው ሰውዬ ነው፣ ይሄም ያ ዓይነት ነበር፣ የሚቆጣ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ በአፍ የሚናገር የሚመስል። ጸጉሬ ቆመ። ልክ መሃሉ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ።

መብራት ሲሄድ ሸክላ ወዲያው አይቆምም። ይሄን ያልሰማችሁ ካላችሁ ስሙት። ዙሩ እየደከመ ሲሄድ ሳክሱ እየወፈረ፣ እየወረደ፣ እየጎረነነ ሄዶ መጨረሻ ላይ እንደ ግመል አጉረምርሞ ዝም አለ። ሁለታችንም ሳቅን። "ስንት ነው ጋሼ?" አልኳቸው፣ ገንዘቤን እያወጣሁ። "አልጨረስከውም" አሉኝ። "መብራት ሲመጣ ና።"

ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንዴ መብራት የለም፣ አንዴ ሱቁ ዝግ፣ አንዴ ደግሞ እሳቸው ሐረር ለቅሶ ሄደዋል።

ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ዝግ ነው፣ በዚያ ፀሐይ አትድከሙ። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ሦስተኛውን ካርቶን እለፉት። ሁለተኛው ውስጥ ከታች አካባቢ ወረቀቱ የተላጠ፣ ዳሩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የሴት ስም የተጻፈበት ባለ 45 ካገኛችሁ እባካችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት፣ የእኔ ነው።