በማራኪ አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከል፦ የቡድን ውይይቱ በባዮሎጂና በሒሳብ

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥ አንድ ማዕከል «በቡድን ውይይት እናስተምራለን» እያለ መመዝገብ ከጀመረ ሰንብቷል። ልጄን አስመዝግቤ፣ በኃላፊው ፈቃድ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ትምህርቱን ስለተከታተልሁ የታዘብሁትን እጽፋለሁ። ስሙን ያልጠቀስሁት ጽሑፉ ማስታወቂያም ስም ማጥፊያም እንዳይሆን ነው።

ወላጅ «የቡድን ውይይት» ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም። በየትምህርት ቤቱ በነበረው «አንድ ለአምስት» ብዙ ቦታ የተለመደው፣ ጎበዙ ሠርቶ የቀሩት ስማቸውን ማስጻፍና ማርኩን እኩል መካፈል ነበር። በሌላ በኩል፣ በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ፣ ለማጠናከሪያ የማይከፍል ቤተሰብ ቢከፍል ይሻለኛል ማለቱ አልቀረም።

የማዕከሉ ምርጥ ነገር የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜው ነው። መምህሩ የወባን ትምህርት ለአራት ከፍሎ፣ በአራት አራት ሆነው ለተቀመጡት ልጆች ለእያንዳንዳቸው የተለያየ ወረቀት ሰጠ፦ ለአንዱ ተሕዋሱ በጉበት ውስጥ የሚያልፍበትን ደረጃ፣ ለሌላው በቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚሆነውን፣ ለሦስተኛው በሴቷ አኖፌለስ ትንኝ ሆድ ውስጥ ያለውን፣ ለአራተኛው መከላከያውንና ሕክምናውን። ተመሳሳይ ወረቀት የደረሳቸው በመጀመሪያ ለብቻቸው ተሰብስበው ከተማከሩ በኋላ፣ ወደየቡድናቸው ተመልሰው የያዙትን ለጓደኞቻቸው አስረዱ። ዘዴውን አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤሊየት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ የነደፈው የጥቁርና የነጭ ልጆች አንድ ክፍል ሲገቡ የተፈጠረውን መቃቃር ለማርገብ ነበር፤ ዋናው ብልሃቱም አንዱ ልጅ የያዘውን ሌላው ስለሌለው ማንም ማንንም ሳይሰማ ትምህርቱ የማይሞላ መሆኑ ነው።

ከልጄ ቡድን ውስጥ አንድ ልጅ «አጎቴ ኑሮው ደምቢያ ነው፤ እኛ ጋ መጥቶ ከርሞ፣ ትንኝ ሳይነክሰው ወባው ያገረሽበታል፤ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። የደሙን ደረጃ የያዘው ልጅ ትኩሳቱ በየ48 ሰዓቱ ገደማ የሚመላለሰው ሴሎቹ አንድ ላይ ስለሚፈነዱ መሆኑን አስረዳ፤ ለጥያቄው ግን መልስ አልሆነም። መልሱ የተገኘው እስከዚያ ድረስ ድምፅዋን ካላሰማችው፣ የጉበቱን ወረቀት ከያዘችው ልጅ ነው፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዐይነት በጉበት ተደብቆ ሊቆይና ከወራት በኋላም ሊነሣ እንደሚችል፣ የደሙን ብቻ የሚገድል መድኃኒትም ይህን እንደማያስቀር ተናገረች። መምህሩ ቢያስረዳቸው ኖሮ ከደብተር የማያልፈው ነገር በክርክር ገባቸው ብዬ አምናለሁ። በመጨረሻም መምህሩ ስለ ጉበቱ የጠየቀው የትንኟን ወረቀት የያዘውን ተማሪ ስለነበረ፣ ተደብቆ ማለፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

አንድ ነገር ቆጭቶኛል። የጎንደር የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም አንዱ መነሻ በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን) በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ በማሠልጠኑም የታወቀ ነው። እዚሁ ማራኪ ተቀምጦ ስለ ወባ በቡድን የሚያስተምር መምህር ይህን አለማንሣቱ በቅርብ ያለውን ምሳሌ ማለፍ ነው።

ውይይቱ በአማርኛ ተካሂዶ፣ የየቡድኑ ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ እንዲጻፍ መደረጉ መልካም አሠራር ነው፤ መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቹ የገባቸውን በፈተናው ቋንቋ ማስፈር ይለምዳሉ። ሆኖም ማጠቃለያዎቹ ታርመው ሲመለሱ አላየሁም፤ ያልታረመ ስሕተት ደግሞ በአራት ደብተር ተገልብጦ ይቀራል።

የሒሳቡ ክፍለ ጊዜ ሌላ ነው። በአንድ ረጅም ዴስክ ዙሪያ ስምንት ልጆች ተጨናንቀው አንድ ጥያቄ ይሰጣቸዋል፤ አንዱ ይሠራል፣ ሁለቱ ያዩታል፣ የቀሩት መልሱን ይጠብቃሉ። ለእያንዳንዱ የተለየ ድርሻ አልተሰጠም፣ ለብቻው የሚጠየቅም የለም፤ መምህሩም ከሰሌዳው ብዙም አይርቅም። ይህ ስሙ የተቀየረ «አንድ ለአምስት» ነው። ክፍሉ ጠባብ በመሆኑ ድምፁ ይደባለቃል፤ ይህ ግን ቡድኑን በማሳነስ ሊቃለል ይችላል።

ክፍያው በአካባቢው ከለመድነው የማጠናከሪያ ዋጋ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ለባዮሎጂው አይበዛም፣ ለሒሳቡ ይበዛል። አገራዊው ፈተና ደርሶበት የጥያቄ ልምምድ ለሚፈልግ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ይህ አካሄድ ዘገምተኛ ነው፤ ጊዜ ላላቸው ለዘጠነኛና ለዐሥረኛ ክፍል ልጆች፣ በተለይም ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ለሚፈሩት፣ እመክረዋለሁ። የምትመዘግቡ ወላጆች ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የቡድኑን ብዛት በየትምህርቱ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ቢሮ ውስጥ የሚሰጠው መልስ የባዮሎጂውን ብቻ የሚመለከት ነው። ልጄን በባዮሎጂና በኬሚስትሪ አስቀጥያታለሁ፤ ለሒሳቡ ግን ሌላ ቦታ እያፈላለግሁ ነው።