ለጋኦካኦ እንግሊዝኛ ምን ልግዛ? የቃላት መጽሐፍ፣ አፕ፣ የድሮ ፈተና ወይስ የታሪክ መጽሐፍ

እዚህ ዉሃን ቻይናዊ አግብታችሁ ልጆቻችሁ ሃይስኩል የደረሱ እህቶች ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። አስተማሪ አይደለሁም። የባለቤቴ እህት ልጅ ጋኦካኦ (የቻይና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና) እስኪፈተን ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ አብሬው ፓሴጅ ሳነብ የከረምኩ ሰው ነኝ (ጂውማ ነው የሚለኝ፣ የአጎት ሚስት ማለት ነው)። በዛ ሁለት ዓመት ገዝተን ሳይገለጥ ሼልፍ ላይ የቀረው መጽሐፍ ብዛቱ ያሳፍራል፣ ቢያንስ እናንተ አትድገሙት ብዬ ነው።

መጀመሪያ ፈተናውን ካላወቃችሁት ዝም ብላችሁ ብር ነው የምትበትኑት። እንግሊዝኛ ጁን 8 ከሰዓት ነው፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ከ150 ይታረማል። ሊስኒንግ 30፣ ሪዲንግ 50፣ ክሎዝ (ፓሴጅ ውስጥ ባዶ ቦታ መሙላት) እና ሰዋስው 30፣ ራይቲንግ 40። ሪዲንጉ አራት ፓሴጅ 15 ጥያቄ ሆኖ እያንዳንዱ 2.5 ይይዛል፣ ከዛ ላይ ደግሞ ከአንድ ጽሑፍ ውስጥ የተነቀሉ አምስት ዓረፍተ ነገሮችን ከሰባት ምርጫ አውጥቶ ቦታቸው መመለስ አለ። ክሎዙም ቢሆን ፓሴጅ ነው፣ ራይቲንጉ ውስጥም ትልቁ 25 ነጥብ ያለው የ350 ቃል ገደማ ታሪክ አንብቦ ቀሪውን መጨረስ ላይ ነው። እንግዲህ ማንበብ ካልቻለ የቱ ጋ ነጥብ ሊያገኝ ነው?

ሌላው ደግሞ እኛ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ ስለተማርነው ቃሉ ሳናስበው ነው የገባን፣ እነሱ ግን እንግሊዝኛ የሚያገኙት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። "እኔ እንዲህ ነው የለመድኩት" ብዬ ልጁን ስጨቀጭቀው ከርሜ በኋላ ነው የገባኝ።

እሺ ወደ ዕቃው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚገዛው "የ3500 ቃላት" የሚባለውን መጽሐፍ ነው፣ በየማተሚያ ቤቱ በየመጠኑ አለ፣ ኪስ የሚገባም አለ። የአሁኑ ካሪኩለም ለጋኦካኦ የሚለው 3000 ገደማ ነው፣ ከሱ ውስጥ ደግሞ 1500 ገደማውን ጁኒየር (ከሃይስኩል በፊት ያለው ደረጃ) ላይ ጨርሰውታል፣ ስለዚህ በቁጥሩ አትደንግጡ። ሲገዛ የሚታየው አንድ ነገር ነው፣ በፊደል ተራ የተደረደረ ነው ወይስ የተቀላቀለ? በፊደል ተራ ከሆነ መጀመሪያ ገጽ ላይ የሚቀበላችሁ "አባንደን" ነው፣ መተው ማለት፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይቀልዱበታል፣ በየሴሚስተሩ ችከላ እንደ አዲስ ይጀመርና እዛው አባንደን ላይ ይተዋል። የተቀላቀለውን ግዙ። ደግሞ ከየቃሉ ስር ዓረፍተ ነገር ያለው ይሁን፣ ቃልና የቻይንኛ ትርጉም ብቻ በሁለት ረድፍ የደረደረ ከሆነ ተዉት።

ለምን መሰላችሁ፣ ፈተናው ልጁን የሚጥለው በማያውቀው ቃል ብቻ አይደለም፣ በሚያውቀው ቃል ነው። "አድሬስ" ሲባል የቤት አድራሻ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ፓሴጁ ውስጥ ችግርን "አድሬስ" ማድረግ ሲመጣበት ፖስታ ቤት ይሄዳል። "ኖቭል" ልብወለድ ብቻ የሆነበት ልጅ "ኖቭል" ሐሳብ ሲል አዲስ ሐሳብ ማለት እንደሆነ አይገባውም። የኛው ልጅ 3500ውን ሁለት ጊዜ ሸምድዶ ጨርሶ ሪዲንግ ላይ ግን ውጤቱ ንቅንቅ አላለም ነበር፣ ያኔ ነው እኔም የነቃሁት። ስለዚህ እነዚህን ሁለት ትርጉም ያላቸውን ቃላት ለብቻ ያወጣ ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ ካገኛችሁ ትንሽ ቢወደድም ውሰዱት።

አፖቹ ደግሞ ብዙ ናቸው፣ ሦስቱን ሞክረናል። ባይፅዣን በስዕል ነው፣ ቃሉን ያሳይና ከስዕሎች ትመርጣለህ፣ መሠረት ለሌለው ልጅና ስልክ ካልነካ ለማይነቃ ልጅ ጥሩ ነው። ችግሩ ልጁ ስዕሉን ይለምደዋል ቃሉን ሳይሆን፣ ደግሞ ፖም ይሳላል፣ "ምንም እንኳን" እንዴት ይሳላል? ሞሞ ደረቅ ነው፣ ጌጥ የለውም፣ ግን የምትረሳበትን ሰዓት አስልቶ መልሶ ያመጣብሃል፣ ለኔ ከሦስቱ የሚሻለው እሱ ነው። የሚማሩት የቃል ብዛት ላይ ጣሪያ አለው፣ በየቀኑ እየገባህ ከፍ ታደርገዋለህ ወይ ትከፍላለህ፣ እና ሳትከፍሉ በፊት ትንሽ ታገሱ። ቡቤይ ዳንፅ በዓረፍተ ነገርና በድምፅ ነው፣ ደህና ደረጃ ላይ ላለ ልጅ ይጥማል፣ ለደካማው ግን ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ሌላ ፈተና ይሆንበታል።

ግን ግን፣ አፕ ከመምረጣችሁ በፊት ልጁ አዳሪ ነው ወይስ ተመላላሽ? እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በመርህ ደረጃ ተማሪ ስልክ ይዞ ግቢ እንዳይገባ የትምህርት ሚኒስቴሩ መመሪያ አለ፣ አዳሪ ከሆነ ደግሞ ማታም እዛው ክፍል ውስጥ ነው የሚያጠናው፣ ስልኩን የሚያየው ቤት ሲመጣ ብቻ ነው። በየቀኑ ካልተከፈተ ጥቅም የሌለው አፕ በሳምንት አንዴ የሚከፈት ከሆነ ምን ዋጋ አለው፣ ድግግሞሹ ሁሉ ተከምሮ እሁድ ይጠብቀዋል። ለአዳሪ ልጅ ወረቀት፣ አለቀ።

የድሮ ፈተና ላይ ሁለቱ ታዋቂዎች ውሳን እና ቲየንሊ 38 ናቸው። ውሳን ማለት አምስት ሦስት ነው፣ የአምስት ዓመት ጋኦካኦ የሦስት ዓመት ሞዴል፣ በርዕስ በርዕስ ከፋፍሎ ከማብራሪያ ጋር ያቀርባል። ቲየንሊ ሙሉ ሙሉ ወረቀት ነው፣ 38 ፈተና፣ ሰዓት ይዞ ቁጭ ማለት። አንደኛና ሁለተኛ ዓመት ላይ ላለ ልጅ ውሳን፣ ጋኦ ሳን (የሃይስኩል ሦስተኛውና የመጨረሻው ዓመት) ለገባ ቲየንሊ። ሁለቱንም አንዴ ከመግዛት አንዱን መጨረስ፣ ውሳን ወፍራም ስለሆነ ብቻ አጥንቼዋለሁ ብሎ የሚያስብ ልጅ አይቻለሁ፣ ቤቴ ውስጥ።

"150 ፓሴጅ" ምናምን የሚሉት የልምምድ መጽሐፎች ደግሞ ውስጣቸው ይለያያል። እውነተኛው ፈተና መልሱ የሚገኘው ከጽሑፉ ነው፣ እነዚህ ላይ ግን አንዳንዴ እኔም ሳነበው ሁለት መልስ ይታየኛል፣ እና ልጁ ማሰብ ሳይሆን መገመት ይለምዳል። ያለፉት ዓመታት እውነተኛ ፈተናዎች ሳያልቁ እነዚህ አያስፈልጉም።

የታሪክ መጽሐፍ ላይ ሹቾንግ አለ፣ የመጽሐፍ ትል ማለት ነው፣ በደረጃ የቀለለ ታሪክ ሆኖ እንግሊዝኛውና ቻይንኛው አብሮ ነው። ሰነፍ ልጅ ቻይንኛውን ብቻ አንብቦ ጨረስኩ ይላል፣ እኔ በወረቀት እሸፍንበት ነበር። ከ90 በታች ለሚያመጣ ልጅ ጊዜ ማባከን ነው፣ እሱ የተቀላቀለውን የቃላት መጽሐፍና ቀላሎቹን ፓሴጆች ይያዝ። ከ90 እስከ 120 ላለው የድሮ ፈተና ነው መድኃኒቱ። ከ120 በላይ ከሆነ ግን ችከላው ከዚህ በኋላ ብዙ አይጨምርለትም፣ ያኔ ሹቾንግ ወይም ለተማሪ የሚወጡትን የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ያንብብ፣ ታሪኩን መቀጠል የሚለው 25 ነጥብም የሚሻሻለው ታሪክ በማንበብ ነው።

አሮጌ ለመግዛት ካሰባችሁ ጁን ላይ ፈተና እንዳለቀ ተማሪዎቹ በርካሽ ይሸጡታል፣ የቃላት መጽሐፍና ሹቾንግ ከሆነ ግዙ፣ የፈተና ወረቀት ግን መልሱ በእስክሪብቶ ተሞልቶ ይመጣና ዋጋ የለውም፣ እኔ አንድ ኦንላይን ሱቅ "ንጹህ ነው" ብሎ ሸጦልኝ ግማሹ ተሠርቶበት ነው የደረሰኝ። ዓመቱንም እዩ። ሁቤይ (ዉሃን ያለችበት ክፍለ ሀገር) እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አዲሱን ወረቀት ስለሚፈተን መጽሐፉ ውስጥ አጭር ጽሑፍ ላይ አሥር ስህተት ፈልገህ አርም የሚል ክፍል ካያችሁ የድሮው ነው፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ መልሱት።