በቪስቱላ ወንዝ ላይ የነዳጅ ሒሳብና የጨዋታ ደስታ

ጌም ዲዛይነርስ ወርክሾፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው «ትዋይላይት፡ 2000» ሦስተኛው የዓለም ጦርነት ባፈራረሳት ፖላንድ ከጦራቸው ተቆርጠው የቀሩ ወታደሮችን የምንሆንበት፣ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠን በቃል እየተረክን የምንጫወተው የሚና ጨዋታ ነው። በዓመቱ የወጣው የጨዋታው የጀብዱ መጽሐፍ «የቪስቱላ ወንበዴዎች» ደግሞ እነዚህን ወታደሮች ከክራኮቭ ወደ ዋርሶ በሚወርድ ጎታች ጀልባ ላይ ያሳፍራቸዋል። ከጓደኞቼ ጋር በአማርኛ እየተረክን ስንጫወተው ከርመናል።

የዚህ ጀብዱ ትልቁ ሀብት ወንዙ ራሱ ነው። ቪስቱላ 1,047 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በመካከለኛው ክፍሉ የአሸዋ ደለሉን ከቦታ ቦታ የሚያዘዋውር ወንዝ በመሆኑ፣ ዳኛው፣ ማለትም ታሪኩን የሚመራው ሰው፣ ምንም ሰበብ ሳይፈጥር ጀልባዋን አሸዋ ላይ ሊያስቀምጣት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ጭነት አውርዶ ማቅለል፣ ሌሊቱን በጥበቃ ማደር፣ ወይም በዳር ካለ መንደር ሰውና ፈረስ መለመን የተጫዋቾቹ ውሳኔ ይሆናል። ማዕዳችን ላይ ክርክሩ የጦፈው፣ ሳቁም የበዛው በእንዲህ ያሉ ምሽቶች ነበር።

ሒሳቡ ግን ያደክማል። በጨዋታው ዓለም ተሽከርካሪ የሚንቀሳቀሰው ከእህልና ከዕፅዋት በሚወጣ አልኮል በመሆኑ፣ ነዳጅ ያለቀበት ቡድን አልኮል ለማውጣት እሳት አንድዶ ቀናትን ሊያሳልፍ ይገደዳል፤ ስለዚህ ሊትሩን መቁጠር ተገቢ ነው። እያንዳንዱን ጥይትና እያንዳንዱን ቁራሽ ምግብ ስንመዘግብ ግን የመጀመሪያው ምሽታችን ጀልባዋ ከክራኮቭ ሳትነሳ አለቀ። መፍትሔውን ያገኘነው ፍሪ ሊግ የተባለው የስዊድን አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የጨዋታው አዲስ እትም ውስጥ ነው፤ እርሱ ቀኑን ስድስት ስድስት ሰዓት ለሆኑ አራት ፈረቃዎች ስለሚከፍል፣ ነዳጁንም ስንቁንም በፈረቃው መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ እየቀነስን አሮጌውን ጀብዱ በደስታ ቀጠልን።

ጦርነትን በቅርብ የሚያውቅ ሰው አብሮ የሚጫወት ከሆነ፣ የማይተረከው ነገር አስቀድሞ በስምምነት ይወሰን፤ ይህን ከሕጎቹ ሁሉ አስበልጣለሁ።

ወንበዴዎቹን በተመለከተ፣ ዳኛው ገና ከመጀመሪያው እንዲተኩሱ ባያደርጋቸው እመርጣለሁ። ጥይት ብርቅ በሆነበት አገር ዘራፊም ቢሆን ይቆጥባልና፣ ከዳር ቆሞ የመተላለፊያ ቀረጥ የሚጠይቅ ወንበዴ ይበልጥ የሚታመን ነው። የእኛ ቡድን ከአንዱ ጋር ሙሉ ምሽት ተደራድሮ፣ በመጨረሻ ሁለት በርሜል አልኮል ከፍሎ አለፈ።