ቺያንግ ማይ ወይስ ዳ ናንግ? ከርቀት ለሚሠራ ሰው የቀረበ ንጽጽር (ፔናንግም በመሐል)

ቺያንግ ማይና ዳ ናንግ በወር ወጪ ያን ያህል አይራራቁም። ስቱዲዮ (ባለ አንድ ክፍል ቤት) ተከራይቶ፣ ሞተር ይዞ፣ ምግቡን ውጭ እየበላና በሳምንት ጥቂት ቀን የጋራ ቢሮ እየተጠቀመ ለሚኖር አንድ ሰው በታይላንዷ ቺያንግ ማይ ከ900 እስከ 1,200 ዶላር፣ በቬትናሟ ዳ ናንግ ከ800 እስከ 1,100 ዶላር ይበቃል። የመቶ ዶላር ልዩነት ከተማ አያስመርጥም። የሚያስመርጠው የያዙት ፓስፖርት፣ የሚሄዱበት ወርና የአሠሪዎ አገር ሰዓት ነው። የማሌዥያዋ ፔናንግ ደሴት (ዋና ከተማዋ ጆርጅ ታውን) ትንሽ ትወደዳለች፤ ከ1,000 እስከ 1,400 ዶላር ትጠይቃለች፤ ስለዚህ የምናነሣት ሁለቱን በምትበልጥበት ቦታ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ዓመቶቹና በፈረንጅኛ ስም የተጻፉት ወሮች (ኦገስት፣ ጁላይ እንደሚሉት) በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሌሎቹ ወሮችና ሰዓቶቹ ግን በእኛው ናቸው።

ፓስፖርቱ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የዳ ናንግ በር ሰፋ ያለ ነው። ቬትናም ከኦገስት 15 ቀን 2023 ጀምሮ ለሁሉም አገር ዜጎች የ90 ቀን ኢ-ቪዛ ትሰጣለች። አንዴ መግቢያው 25 ዶላር፣ ደጋግሞ መግቢያው 50 ዶላር ነው፤ ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ድረ ገጽ የደላላ ነው። የፓስፖርቱ የመረጃ ገጽ ቅጂ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የሚያርፉበት አድራሻና የሚገቡበት በር ይሞላል። መልሱ በደንቡ መሠረት በሦስት የሥራ ቀን ይመጣል ቢባልም ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ማመልከት ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ስም አጻጻፍ ላይ ነው። የአባትና የአያት ስም በቅጹ ላይ ይደበላለቃሉ፤ አንድ ፊደል ከተዛባ አየር መንገዱ ገና ከመነሻው ሊያስቀርዎ ይችላል። ስምዎን በፓስፖርቱ የመረጃ ገጽ ግርጌ ካሉት፣ ማሽን ከሚያነባቸው ሁለት መስመሮች ላይ እያዩ ይሙሉት። ሌላው ስሕተት ቀኑ ነው። 90ው ቀን የሚቆጠረው ቪዛው ላይ ከተጻፈው መጀመሪያ ቀን እንጂ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ማኅተም ከተመታበት አይደለም። ሳምንት ዘግይቶ የገባ ሳምንቱን ከስሯል።

ጉድለቱም ይታወቅ፦ ይህ ቪዛ ለቱሪስት የተዘጋጀ ነው፤ ቬትናም ከርቀት ለሚሠራ ሰው ብላ ያወጣችው ቪዛ የለም። ለአገሬው ድርጅት መሥራት አይቻልም። 90ው ቀን ሲያልቅ ከአገር ወጥቶ በአዲስ ቪዛ መመለስ ያስፈልጋል፤ አዲሱ እጅ ላይ ሳይገባ ወደ ላኦስ ድንበር የሄደ ሰው በመሐል ይቀራል።

ታይላንድ በዚህ በኩል ትበልጣለች፣ በሩ ግን ከባድ ነው። በጁላይ 2024 የወጣው ዲቲቪ የተባለው ቪዛ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ በእያንዳንዱ መግቢያ 180 ቀን ያስቀምጣል። ዕድሜ ከ20 በላይ፣ የባንክ ሒሳብ ላይ 500,000 ባት (15,000 ዶላር ገደማ)፣ ከውጭ አሠሪ ጋር የተደረገ ውል ወይም በግል የሠሩትን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ክፍያው 10,000 ባት አካባቢ ሲሆን እንደ ኤምባሲው ይለያያል። ማመልከት የሚቻለው ከታይላንድ ውጭ ሆኖ ብቻ ነው። ገንዘቡ ትናንት ገብቶ ዛሬ የታተመ የባንክ ወረቀት ጥርጣሬ ያመጣል፤ የሦስት ወር እንቅስቃሴ የሚያሳይ ይሁን፤ ስድስት ወር የሚጠይቁም አሉ። የመግቢያው 180 ቀን ሲያልቅ እዚያው ማራዘም በደንቡ ቢፈቀድም ብዙዎች ወጥተው መግባቱን ይመርጣሉ።

አንድ ተጨማሪ ወረቀት አለ። ታይላንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ ክትባቱ ከመድረስዎ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ የተወሰደ መሆን አለበት። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ይዞ አዲስ አበባ ዘመድ ጠይቆ ወደ ባንኮክ የሚያልፍም ሰው ይኸው ይመለከተዋል። ባንኮክ ሲደርሱ ካርዱ የሚታየው ከፓስፖርት መቆጣጠሪያው በፊት ባለው የጤና ጠረጴዛ ነው።

ማሌዥያ ከ2022 ጀምሮ ዴ ራንታው የሚባል ፈቃድ አላት፤ ከ3 እስከ 12 ወር የሚሰጥ፣ ለሌላ 12 ወር የሚታደስ ነው። የቴክኖሎጂ ሙያተኛ በዓመት 24,000 ዶላር፣ ሌላው ባለሙያ 60,000 ዶላር ገቢ ማሳየት አለበት። ክፍያው 1,000 ሪንጊት ነው፤ የትዳር ጓደኛና ልጅ በ500 በ500 ሪንጊት ይካተታሉ። ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቢያስብበት ይበጀዋል።

ወሩ

ቺያንግ ማይ በተራራ የተከበበ ሸለቆ ውስጥ ነች። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ገበሬው የበቆሎ አገዳና ጫካ ያቃጥላል፤ የጎረቤት አገር ጭስም ይጨመርበታል። ጠዋት ከላይ ያለው ሞቃት አየር ከታች ያለውን ቀዝቃዛ አየር ስለሚከድነው ጭሱ መውጫ ያጣል። በመጋቢት ከተማዋ በዓለም የአየር ብክለት ሰንጠረዥ አናት ላይ የምትወጣባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ኤሲ ክፍሉን ያቀዘቅዛል እንጂ ደቃቁን ብናኝ አያጣራም፤ የኮንዶዎቹ ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮትም ክፍተት አለው። በእነዚያ ወራት መቆየት የግድ ከሆነ የሄፓ ማጣሪያ (ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ) ያለው የአየር ማጽጃ ማሽን መግዛት፣ የመስኮቱን ጠርዝ በስፖንጅ ቴፕ መድፈን፣ ውጭ ኤን95 የሚባለውን ጭምብል ማድረግ ነው። አስም ላለበት ሰው ግን ምክራችን አጭር ነው፤ አይቆዩ።

ብር የሚበላው ወጥመድ እዚሁ አለ። ከተማዋ የምታምረው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሌሊቱ ጋቢ የሚያስፈልግ ብርድ ያለው። በኅዳር የገባ ሰው በደስታ የስድስት ወር ውል ይፈርማል፤ ውሉ የሚያልቀው ግን በሚያዝያ መጨረሻ ነው። የጭሱን ሁለት ወር ተኩል ኪራይ ከፍሎ ሌላ ከተማ መኖር ወይም መያዣውን ጥሎ መሄድ ይመጣል። በኅዳር ከገቡ የሦስት ወር ውል ይያዙ፤ በወር 1,000 ወይም 2,000 ባት ቢጨምርም ያዋጣል።

የዳ ናንግ መጥፎ ወቅት በተቃራኒው ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። በጥቅምትና በኅዳር ለቀናት የማያባራ ዝናብ፣ አልፎ አልፎም አውሎ ነፋስ ይመጣል። በኦክቶበር 2022 የከተማዋ መንገዶች በጎርፍ ተውጠው ነበር። ምድር ቤት አይከራዩ፤ ለጎረቤት ሱቅ ባለቤት «ያን ጊዜ ውኃው እስከ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ከአከራዩ የተሻለ መልስ ያስገኛል። ሻጋታ የቆዳ ጫማና ሻንጣ ያበላሻል፤ በኤሲው ላይ «ድራይ» የሚለውን ማብራት ወይም እርጥበት መምጠጫ መግዛት ነው መፍትሔው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ግን ምርጥ ነው፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደረቅና ሞቃት ሲሆን ለዋና ይመቻል።

ስለዚህ ሁለቱ ከተሞች ይሟላሉ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ቺያንግ ማይ፣ ከየካቲት እስከ ነሐሴ ዳ ናንግ። ፔናንግ ዓመቱን ሙሉ ሞቃትና እርጥብ ናት፤ ከሱማትራ የሚመጣው ጭስ እንደ 2015 እና 2019 ባሉ ዓመታት ነው የሚከብደው።

ሰዓቱና ኢንተርኔቱ

ቺያንግ ማይና ዳ ናንግ ከአዲስ አበባ በአራት ሰዓት ይቀድማሉ፤ ፔናንግ በአምስት። ከአዲስ አበባ ቢሮ ጋር ለሚሠራ ሰው ችግር የለም፤ ጠዋቱ የራሱ ነው፣ ሥራ የሚጀምረው ከቀኑ 6፡30 ነው። ከአውሮፓ ጋርም መልካም ነው። የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ጠዋት 3 ሰዓት የሚጀምር ሥራ እዚህ በበጋቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጀምራል፤ የሚያልቀው ሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ነው። ካፌ ተዘግቷል፤ 24 ሰዓት ክፍት የሆነ የጋራ ቢሮ ወይም ጸጥ ያለ ቤት ያስፈልጋል። ቀን መተኛት ስለሚኖርብዎ ጥቁር መጋረጃና ከግንባታ የራቀ ክፍል ቅንጦት አይደሉም።

የቤት ፋይበር በሁለቱም ርካሽና ፈጣን ነው፤ ቁጥሩ ግን በዳ ናንግ ያታልላል። የቬትናም የባሕር ሥር ገመዶች ደጋግመው ይበጠሳሉ፤ በ2023 መጀመሪያ አምስቱም በአንድ ጊዜ ተበላሽተው ነበር። በዚህ ጊዜ የአገር ውስጡ ፍጥነት ሳይነካ ወደ አሜሪካና አውሮፓ የሚሄደው ይንቀራፈፋል፤ የቪዲዮ ስብሰባ ይቆራረጣል። ቤት ሲያዩ ፍጥነቱን መለኪያው በራሱ በመረጠው የሰፈር ሰርቨር አይለኩ፤ በጀርመን ያለውን ፍራንክፈርትን ወይም በአሜሪካ ያለውን ቨርጂኒያን መርጠው፣ በዚያውም ማታ ይለኩ። ከቤቱ ፋይበር የተለየ ኩባንያ ሲም ካርድ መያዝም ያድናል፤ ቤቱ ቪኤንፒቲ ከሆነ ሲሙ ቪየቴል ይሁን። በቺያንግ ማይ ደግሞ ችግሩ በሚያዝያና በግንቦት ነጎድጓድ የሚመጣው አጭር የመብራት መቋረጥ ነው፤ ራውተሩን ለአንድ ሰዓት የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) በቂ ነው።

ቤቱ

በቺያንግ ማይ ኒማን ሰፈር 30 ካሬ የሚሆን ኮንዶ ከ10,000 እስከ 16,000 ባት፣ ሳንቲታም ከ5,000 እስከ 9,000 ባት ይገኛል። በዳ ናንግ ከሚ ኬ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ያለው አን ቱዎንግ ሰፈር ስቱዲዮው ከ7 እስከ 12 ሚሊዮን ዶንግ ነው፤ የሃን ወንዝን ተሻግሮ ሃይ ቻው ከ5 እስከ 8 ሚሊዮን። በጆርጅ ታውን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶ ከ1,500 እስከ 2,500 ሪንጊት ይወጣል፤ ግን የዓመት ውል፣ የሁለት ወር መያዣ፣ ለመብራትና ውኃ ግማሽ ወር ተጨማሪ ይጠየቃል። ለሦስት ወር የሚሄድ ሰው ፔናንግን በዚህ ምክንያት ይተዋት።

ከኪራዩ ይልቅ የመብራቱን ዋጋ ጠይቀው ይያዙ። በታይላንድ መንግሥት የሚያስከፍለው በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ4 እስከ 5 ባት ሲሆን ብዙ አከራዮች ግን 7፣ 8፣ አንዳንዴም 10 ባት ይጠይቃሉ። ኤሲ በቀን አሥር ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ በ8 ባት በወር 1,680 ባት፣ በ4.5 ባት ደግሞ 945 ባት። በዳ ናንግ የተለመደው ከ3,500 እስከ 4,000 ዶንግ ነው። የገቡ ቀን የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ ያንሡ።

ሁለተኛው ጥያቄ ምዝገባ ነው። በታይላንድ አከራዩ በ24 ሰዓት ውስጥ ቲኤም 30 የሚባለውን፣ የውጭ አገር ሰው ቤቱ ማረፉን የሚገልጽ ማስታወቂያ ማስገባት አለበት፤ ያ ደረሰኝ ከሌለ በኋላ ኢሚግሬሽን ላይ ጉዳይ ይቆማል። በቬትናምም አከራዩ ለፖሊስ ያስመዘግባል። «ይህን አላደርግም» ያለ አከራይ ቤቱ ቢያምርም ይቅር። በዳ ናንግ በተጨማሪ መስኮቱን ከፍተው ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ይዩ፤ የዛሬ ባዶ ቦታ የነገ ግንባታ ነው። ጎረቤት ጎማ ባለው ትልቅ ስፒከር የሚዘፍነው ካራዮኬም አለ፤ እሱን የሚከላከል መስታወት ገና አላየንም።

መንገዱ

ቬትናም እንደ ኢትዮጵያ በቀኝ ይነዳል፤ ታይላንድና ማሌዥያ በግራ። ሞተር በወር በቺያንግ ማይ ከ2,500 እስከ 3,500 ባት፣ በዳ ናንግ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊዮን ዶንግ ይከራያል። ፓስፖርት በመያዣነት አይስጡ። ቬትናም የምትቀበለው በ1968ቱ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት መሠረት የወጣ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ነው፤ አሜሪካ የምትሰጠው ግን የ1949ኙን ነው፤ ስለዚህ ከዲሲ የመጣ ሰው ፈቃድ እዚያ አያገለግልም። ታይላንድ ሁለቱንም ትቀበላለች፣ የሞተር ምድብ ማኅተም ካለበት። ይህ የትራፊክ ቅጣት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሞተር ፈቃድ ሳይኖረው ለወደቀ ሰው የጉዞ ኢንሹራንሱ የሆስፒታሉን ሒሳብ አይከፍልም። ፈቃድ ከሌለዎ በሁለቱም ከተሞች ግራብ (በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ ታክሲ) አለ፤ በቺያንግ ማይ ቀዩ ሶንግቴው (የጋራ ታክሲ የሆነ ፒክአፕ) በመሐል ከተማ 30 ባት ገደማ ነው።

ጾሙ

ዐቢይ ጾምን የሚጾም ሰው በሁለቱም አይቸገርም፣ ቃሉን ካወቀ። በታይላንድ «ጄ» የሚል ቢጫና ቀይ ምልክት ያለው ቤት ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት አይነካም፤ ነጭ ሽንኩርትም አይጨምርም። በቬትናም «ቻይ» ይባላል፤ ቡድሂስቶቹ በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ስለሚጾሙ በእነዚያ ቀናት ምርጫው ይበዛል፤ አንዳንድ የቻይ ቤት ግን እንቁላልና ወተት ይጠቀማል፣ ይጠይቁ። ከእነዚህ ቤቶች ውጭ «አትክልት ብቻ» ማለት አይበቃም፤ የአትክልት ጥብሱ ውስጥ የዓሣ ወይም የኦይስተር ሶስ አለ። በፔናንግ የሕንዶች ሰፈር ያሉት የአትክልት ምግብ ቤቶች ሥጋ የላቸውም፣ ቅቤና እርጎ ግን አለባቸው።

ግብሩ

በቀን መቁጠሪያዎ ላይ መግቢያና መውጫ ቀን ይጻፉ። በታይላንድ በአንድ የአውሮፓውያን ዓመት 180 ቀን የቆየ ሰው የግብር ነዋሪ ይባላል፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ወዲህ ከውጭ ያገኘውን ገቢ ወደ ታይላንድ ሲያስገባ ግብር ይመለከተዋል። በቬትናም ወሰኑ 183 ቀን ነው። የ180 ቀን የዲቲቪ መግቢያን በጃንዋሪ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የተጠቀመ ሰው ሳያውቀው መስመሩ ላይ ይደርሳል፤ በመከር ገብቶ ቀኑን ለሁለት ዓመት ያካፈለው ግን በሁለቱም ዓመታት ከወሰኑ በታች ይቀራል።