«ገጠማው በነጻ» ሲሏችሁ ቆም ብላችሁ ጠይቁ

የመስታወት ሴራሚክ ምድጃ (ከላይ ጠፍጣፋ መስታወት ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ) ገዝታችሁ ኪችናችሁ ካውንተር ላይ ልታስገጥሙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። «ምድጃውን ከእኛ ከገዛችሁ ካውንተሩን ቆርጠን በነጻ እንገጥምላችኋለን» የሚል ነገር ሲቀርብላችሁ አትቸኩሉ። ስጦታ ይመስላል። መስታወቱ ሲሰነጠቅ፣ ካውንተሩ ሲያብጥ ወይም ሶኬቱ ሲቀልጥ ግን «እኔ ነኝ የሠራሁት» የሚል ሰው አይገኝም።

እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ሻጩ ምድጃውን ከአንድ ወጣት ሠራተኛ ጋር ላከልን። ልጁ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን የመግጠሚያ መመሪያ አላየውም። ምድጃውን ካውንተሩ ላይ ደፍቶ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመረና ከመስመሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በግምት ቆረጠ። ቀዳዳው በአንድ በኩል ሰፋ። የሰፋውን በሲልከን ሞላው፤ መስታወቱንም በዚያው ሲልከን ለጠፈው። በመጨረሻ ኬብሉ ላይ ተራ ስፒና አስሮ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካውና ሄደ። ምድጃው ስለበራ ሥራው ያለቀ ይመስል ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መስታወቱ ከአንዱ ጥግ ተነስቶ ተሰነጠቀ። ሻጩ «ዋስትናው ለምድጃው እንጂ ለገጠማው አይደለም» አለን። የአምራቹ ወኪል ደግሞ መጥቶ አየና «በመመሪያው መሠረት ስላልተገጠመ ዋስትናው አይሠራም» ብሎ ሄደ። የዋስትናውን ወረቀት አውጥቼ አነበብኩት። እውነትም ከአገጣጠም ጉድለት የሚመጣ ጉዳትን አይሸፍንም። የብዙ አምራቾች ዋስትና እንዲሁ ነው።

የተንኮሉ ሥር እዚህ ጋ ነው። ገጠማው «ነጻ» ስለተባለ ደረሰኝ ላይ አልሰፈረም። ያልተከፈለበትና ያልተጻፈ ሥራ ደግሞ ተጠያቂ የለውም። ልጁን አልወቅሰውም፤ በቂ ስልጠና ሳይሰጡ ሰው ቤት የላኩት እነሱ ናቸው። የምወቅሰው ዕቃውን ቶሎ ለመሸጥ ሲል ከባድ ሥራን እንደ ቀላል ነገር አድርጎ የሚያቀርበውን ነጋዴ ነው።

«ይሄ መስታወት በመዶሻ ቢመታ አይሰበርም» የሚል ሻጭም ያጋጥማችኋል። ወሬው መነሻ አለው። የመስታወት ሴራሚክ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1953 ዶናልድ ስቱኪ የተባለ የኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪ ሲሠራበት የነበረው የማቃጠያ ምድጃ ከታሰበው በላይ በመጋሉ ነው። ስቱኪ ሙከራው ተበላሸ ብሎ ሲያወጣው የሚሞከረው መስታወት ከመቆንጠጫው አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አልተሰበረም። በእርግጥም ጠንካራ ነገር ነው። ሲሞቅ ከሞላ ጎደል አይለጠጥም፤ ስለዚህ ግሎ እያለ ቀዝቃዛ ውሃ ቢነካው እንደ ተራ መስታወት አይፈነዳም። የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጠርዙ ላይ ትንሽ ከተነካ፣ ከሥሩ አንዲት ጠጠር ከቀረች፣ ወይም የተቀመጠበት ገጽ ወጣ ገባ ሆኖ ጠመም ካለ፣ ጫናው አንድ ነጥብ ላይ ያርፍና ከዚያ ይሰነጠቃል። መያዣዎቹን ከልክ በላይ ማጥበቅም ያው ጉዳት ያመጣል። ምን ያህል ዕድሜ እንደሚኖረው ገና በመጀመሪያው ቀን፣ በገጠማው የሚወሰነው ለዚህ ነው።

አሁን ልኩን ተመልከቱ። ስልሳ ሴንቲ ሜትር ከሚባሉት ምድጃዎች ብዙዎቹ ከላይ መስታወታቸው ወደ 590 በ520 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሚፈልጉት ቀዳዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ 560 በ490 ነው። ልዩነቱን ለሁለት ብትከፍሉት መስታወቱ በየጎኑ የሚያርፍበት 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ተሳስቶ የቆረጠ ሰው የዚያን ጎን መደገፊያ አብዛኛውን በልቶታል። በሲልከን መሙላት ደግሞ መደገፊያ አይመልስም። እነዚህን ቁጥሮች ይዛችሁ ግን አታስቆርጡ። ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ ትክክለኛው ልክ የእናንተው ምድጃ መመሪያ ላይ ያለው ነው።

ስለ ሲልከኑ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ስለሆነ። ጥሩ ሥራ ይመስላል፤ ዙሪያውን ሸፍኖ ያምራል። ከምድጃው ጋር ግን ካርቶኑ ውስጥ ስስ የስፖንጅ ማሸጊያ ይመጣል፤ ከመስታወቱ ጠርዝ ሥር የሚለጠፈው እሱ ነው። ውሃ እንዳይሰርግ ያደርጋል፣ መስታወቱንም ያለሰልሰዋል። ምድጃው ሲበላሽ ደግሞ ያለ ችግር ይነሳል። በሲልከን የተጣበቀ ምድጃ ለጥገና ሲነቀል መስታወቱ የመሰበር ዕድሉ ሰፊ ነው። ብዙ መመሪያዎች መስታወቱን በሲልከን አታጣብቁ የሚሉት ለዚህ ነው። ማሸጊያው የት እንዳለ ስትጠይቁት «አያስፈልግም» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ሥራውን አስቁሙት።

ካውንተራችሁ ከቺፕውድ ወይም ከኤምዲኤፍ (ከተፈጨና ከተጨመቀ እንጨት) የተሠራ ከሆነ የተቆረጠው ውስጠኛ ጠርዝ እርቃኑን መቅረት የለበትም። በቫርኒሽ ወይም ሙቀትና ውሃ በሚችል ማሸጊያ መቀባት አለበት። አለበለዚያ እንፋሎትና የፈሰሰ ውሃ ይገባበትና ያብጣል። ካውንተሩ ሲያብጥ መስታወቱን ከሥር ይገፋዋል። ግራናይት ወይም ሌላ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ከቀዳዳው ማዕዘኖች ጀምራችሁ እዩ። ጥጉ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ክብ መደረግ አለበት። ከቀዳዳው ፊትና ኋላ የሚቀሩት ቀጫጭን የድንጋይ ክፍሎችም ከሥር ድጋፍ ይፈልጋሉ። ድንጋይ አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም፤ ስለዚህ ምድጃው ሳይመጣ «ልኩን እናውቀዋለን» ብሎ አስቀድሞ ሊቆርጥ የሚነሳ ሰው አይንካው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ኤሌክትሪኩ ነው። መስታወት ቢሰበር ገንዘብ ነው። እሳት ቢነሳ ሕይወት ነው። ባለ አራት ዐይን ምድጃ ሁሉም ሲበራ እስከ 7,000 ዋት ሊወስድ ይችላል። በ220 ቮልት ይህ ወደ 32 አምፒር ይጠጋል። ተራ ሶኬት የሚችለው ቢበዛ 16 አምፒር ነው፤ ወደ 3,500 ዋት ማለት ነው። አንድ ዐይን ስታበሩ ምንም አይታይም። ሦስትና አራት ዐይን አብርታችሁ ረዘም ያለ ነገር ስታበስሉ ነው ስፒናው የሚግለው። እንዲህ ያለ ምድጃ ከብሬከር ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ለጭነቱ የሚበቃ ወፍራም ኬብል ያስፈልገዋል። የኤርዝ ሽቦውም በትክክል መያያዝ አለበት። ይህ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው። ካውንተር የቆረጠው ሰው «እግረ መንገዴን እኔው አገናኘዋለሁ» ካላችሁ እሺ አትበሉት። ሁለትና ሦስት ፌዝ (ኃይል የሚያመጣ ሽቦ) ላይ የሚያያዙ ሞዴሎችም አሉ፤ የእናንተን ሽቦ የሚወስነው መመሪያው ላይ ያለው ሥዕል ነው።

የገዛችሁት ኢንዳክሽን (ድስቱን በማግኔት የሚያሞቅ ምድጃ) ከሆነ አንድ ነገር ይጨመራል። ከሥሩ ማቀዝቀዣ ፋን አለው። አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ክፍት ቦታ ካልተተወለት ኤሌክትሮኒክሱ ይግልና መሃል ላይ ይጠፋል። ብዙ ጊዜ «ምድጃው ተበላሸ» የሚባለው መተንፈሻ አጥቶ ነው።

ጋዝ ምድጃ የምትፈልጉም ተጠንቀቁ። «ሴራሚክ» ተብለው ከሚሸጡት ባለ መስታወት ጋዝ ምድጃዎች ብዙዎቹ የተጠናከረ ተራ መስታወት ናቸው። ሲሰበር እንደ መኪና የጎን መስታወት ብትንትን ይላል። መጥፎ ዕቃ ነው እያልኩ አይደለም፤ ግን የሴራሚክ ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም። ዓይነቱን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

እንግዲህ ሻጩ ገጠማውን ልጨምርላችሁ ካለ እንዲህ በሉት፦ የገጠማው ሥራ ደረሰኙ ላይ በስም ይጻፍ፣ በመመሪያው መሠረት እንደሚሠራ ይፈርም፣ በገጠማው ምክንያት ምድጃው ወይም ካውንተሩ ቢጎዳ የሚተካው እሱ መሆኑ ይስፈር። ይህን ከጻፈላችሁ ግዙ። ካመነታ ምድጃውን ብቻ ገዝታችሁ ገጠማውን ለምታውቁት ባለሙያ ስጡ። ሠራተኛው ሲመጣም መጀመሪያ መመሪያውን አስከፍቱት፤ ልኩን አብራችሁት ለኩ።

እንደኛ ከተገጠመ በኋላ ያነበባችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ከምድጃው ሥር ያለውን ካቢኔት ከፍታችሁ እዩ። ኬብሉ ተራ ስፒና ላይ ከገባ ኤሌክትሪሺያን እስኪያየው አታብሩት። መስታወቱ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ቀጭን ፀጉር እንኳ ቢመስል፣ በማብሪያው ሳይሆን በብሬከሩ አጥፉት። የሚፈስ ነገር በስንጥቁ በኩል ኤሌክትሪክ ያለበት ክፍል ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከዚያ ማንም ሳይነካው ስንጥቁን፣ ሲልከኑን፣ የቀዳዳውን ጠርዝና ስፒናውን ፎቶ አንሱ። ሻጩ «እስቲ እናስተካክለው» ብሎ ሰው ከላከ ማስረጃው ከሲልከኑ ጋር ተፍቆ ይሄዳል፤ ስለዚህ ፎቶውን በጽሁፍ ካቀረባችሁት አቤቱታ ጋር ሳትልኩለት ሰው አታስገቡ።