የቆየ የምስጋና እዳ፣ ከደሴ

ሰላም ጓዶች እንዴት ሰነበታችሁ። ይሄን ነገር ልጻፍ ልጻፍ እያልኩ ስንቴ ትቼዋለሁ፣ ትናንት ግን ዲዛይን እየተማረ ያለ አንድ ልጅ ከኮምቦልቻ ደውሎ «ክራክ ሶፍትዌር (ሳይከፈልበት ቁልፉ ተሰብሮ የሚጫነውን) ሳልጭን ስራ መጀመር እችላለሁ ወይ» ሲለኝ መልሱን በስልክ መጨረስ አቃተኝና በቃ ለሁሉም ይሁን ብዬ ቁጭ አልኩ። ምስጋናም ነው ጥቆማም ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

እኔ ደሴ ነው የምሰራው፣ ሎጎ፣ ባነር፣ የምርት ሌብል፣ የሰርግ ካርድ፣ አልፎ አልፎም ድረገጽ። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ሱቄን ቆልፌ እንደሌላው ሰው ወጣሁ፣ ታህሳስ ላይ ስመለስ በሩ ተገንጥሎ ጠረጴዛው ብቻ ቆሞ ጠበቀኝ። ኮምፒውተሩ የለም፣ ፕሪንተሩ የለም፣ ከሁሉም በላይ አንጀቴን ያቃጠለኝ ግን ኤክስተርናል ሀርድ ዲስኩ ነው፣ የስድስት አመት ስራዬ እሱ ላይ ነበር። ደንበኛ ደውሎ «ያን የድሮውን ሎጎዬን ላክልኝ እስኪ» ሲለኝ ምን ብዬ እንደምመልስ ጨንቆኝ ስልክ ማንሳት ሁላ ትቼ ነበር።

ያኔ ፒያሳ አካባቢ ማተሚያ ቤት ያለው አንድ ወንድማችን (ስሜን እንዳትጽፍ ስላለኝ አልጽፈውም፣ እሱ ራሱን ያውቃል) ሲወጣ ይዟት የሄደውን አሮጌ ላፕቶፕ አምጥቶ «አብሽር፣ እስክትቋቋም ድረስ ያዛት» ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ራሟ 4 ጊጋ ነው፣ ባትሪዋ ሞቷል፣ ቻርጀሩ ከተነቀለ ወዲያው ጥፍት ነው የምትለው። እኔ የለመድኩትን ከባድ ፕሮግራም ልጭንባት ስታገል አየኝና «ተው አትችለውም፣ ብራውዘር ክፈት» አለኝ። ከዛ ፎቶፒያን አሳየኝ።

ፎቶፒያን የማታውቁት ካላችሁ፣ ፎቶ ማስተካከያና ዲዛይን መስሪያ ድረገጽ ነው፣ ምንም አይጫንም፣ ከፍታችሁ ትሰራላችሁ። ፒኤስዲ ፋይል (የፎቶሾፕ ፋይል ማለት ነው) ከነሌየሩ (ከነድርብርቡ) ከነማስኩ (የምስሉን ክፍል ከሚደብቀው ጭንብል ጋር) ይከፍታል። ኢቫን ኩትስኪር የሚባል አንድ ፕሮግራመር ነው የሰራው፣ ይሄን ስሰማ ማመን አቅቶኝ ነበር፣ አንድ ሰው! ክፍያ የለውም፣ ጎን ላይ ማስታወቂያ ያሳያል እንጂ። ለእኛ አገር ደግሞ ዋናው ነገር ምን መሰላችሁ፣ የምትከፍቱት ፋይል ወደ ሰርቨር (ወደ ድረገጹ ኮምፒውተር) አይላክም፣ ስራው የሚሰራው እዛው እናንተ ማሽን ላይ ነው፣ ስለዚህ 200 ሜጋ ባነር ብትከፍቱም ዳታችሁን አይበላም፣ ገጹ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ኔትወርክ ቢሄድም ስራችሁን ትቀጥላላችሁ። እኔ ስንት ማታ በዚህ ነው የሰራሁት። ፎንት ደግሞ ከኮምፒውተራችሁ ጎትታችሁ ትጥሉበታላችሁ ይቀበላል።

ግን ፋይሎቹ ጠፍተው የለ፣ ምኑን ነው የምከፍተው? እዚህ ላይ ቴሌግራምን ሳላመሰግን አላልፍም። ድሮ ለደንበኛ ስራ ስልክለት ኦሪጅናሉን በፋይል የመላክ ልማድ ነበረኝ፣ ቴሌግራም ደግሞ የተላከውን ክላውድ ላይ (ኢንተርኔት ላይ ባለ ማከማቻ) ያስቀምጣል፣ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይችላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ ኋላ እየሄድኩ፣ ከእያንዳንዱ ደንበኛ ጋር ያወራሁትን እየከፈትኩ ለቀምኩት። ግማሹ ስራዬ ተመለሰ። የመጀመሪያውን ፒኤስዲ አውርጄ ፎቶፒያ ላይ ስከፍተው፣ የአንድ ካፌ ሜኑ ነው፣ ሌየሮቹ እኔ በሰጠኋቸው ስም «ቡና»፣ «ጀርባ»፣ «ዋጋ» እያሉ ተደርድረው ሳይ እንባዬ መጣ። ስለዚህ ወንድሞቼ እህቶቼ እባካችሁ እንደ ፎቶ አትላኩ፣ እንደ ፋይል ላኩ፣ እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቅና ጥራቱ ይሞታል። አሁን ያለቀ ስራ ጉግል ድራይቭ ላይም አስገባለሁ፣ 15 ጊጋ በነጻ ይሰጣል፣ ለሌብልና ለካርድ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፣ ፎንት። የድሮ ሰዎች ታስታውሳላችሁ፣ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው አለም አቀፍ ስርአት) ባልሆነው ፎንት የተጻፈ አማርኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። ምክንያቱ እነዛ ፎንቶች «ሀ»ን የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ ስለነበረ ነው፣ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ያ እንግሊዝኛው ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጆቹ ነው፣ ከዛ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፣ ይሄም ሆኖ እስከዛሬ ደንበኛ በድሮው ፎንት የተጻፈ ዎርድ ይልክልኛል። መፍትሄው ጉግል ፎንትስ ነው፣ ፎንት በነጻ የሚወርድበት የጉግል ድረገጽ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እዛ አሉ፣ ሁለቱም ከስስ እስከ በጣም ደማቅ 9 ውፍረት አላቸው፣ ለአማርኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ድሮ አርእስት ማድመቅ ስንፈልግ ፊደሉ ላይ ስትሮክ (የዳር መስመር) እየጨመርን የ«ጨ»ን እና የ«ጬ»ን ቀዳዳ እንደፍን ነበር። አቢሲኒካም አለ፣ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው ግን ለመጽሐፍ ጽሁፍ ደስ ይላል። ፈቃዳቸው ክፍት ነው፣ ለንግድ ስራ ብትጠቀሙባቸው ማንም አይጠይቃችሁም። «ኖቶ» የሚለው ስም ራሱ ፎንት ሲጠፋ የሚመጣውን ያን ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥን ለማጥፋት ተብሎ የወጣ ነው፣ ሳጥኑን በእንግሊዝኛ ቶፉ ይሉታል፣ ኖ ቶፉ፣ ኖቶ።

ወሎ ላይ ዲዛይነር ከሆናችሁ ደግሞ አማርኛ ብቻ አይበቃም፣ የኒካህ ካርድ ይመጣል፣ ከላይ ቢስሚላሂ በአረብኛ ከስር አማርኛው። እዚህ ላይ ከጦርነቱ በፊት ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። እኔ አረብኛ አላነብም። ያኔ እጠቀምበት በነበረው ክራክ ፕሮግራም አረብኛውን ኮፒ አድርጌ ለጠፍኩ፣ 300 ካርድ ታተመ፣ የሙሽሪት አባት ሼኽ ናቸው፣ ካርዱን ተቀብለው ዝም ብለው አዩት አዩትና «ልጄ፣ ሀርፉ (ፊደሉ) እኮ ተበትኗል፣ አቅጣጫውም ዞሯል» አሉኝ። አልተቆጡም፣ ያ ነው የባሰብኝ። በራሴ ወጪ አሳተምኩት። በኋላ ነው የገባኝ፣ የአረብኛ ፊደል ቃሉ መጀመሪያ፣ መሀልና መጨረሻ ላይ ቅርጹ ይቀያየራል እርስ በርሱም ይያያዛል፣ ፕሮግራሙ ይሄን የሚያውቅ ካልሆነ እያንዳንዱን ለየብቻው ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድረዋል።

አሁን ለካርድ የምጠቀመው ኢንክስኬፕ የሚባለውን የዲዛይን ፕሮግራም ነው። እሱ እንኳን ይጫናል፣ ግን ነጻ ነው፣ ያቺ አሮጌ ላፕቶፕም ችላዋለች። አረብኛውን አያይዞ በትክክለኛው አቅጣጫ ያስቀምጣል። ፎንቱን አሚሪ አደርገዋለሁ፣ እሱም ጉግል ፎንትስ ላይ አለ፣ አማርኛውን ኖቶ ሰሪፍ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በእኩል የፎንት መጠን ካስቀመጣችኋቸው አረብኛው አንሶ ነው የሚታየው፣ የኛ ፊደል ሁሉም ቁመታም ስለሆነ ነው፣ እኔ አማርኛው 18 ከሆነ አረብኛውን 24 አካባቢ አደርገዋለሁ በአይኔ እያየሁ። ከዛ ማተሚያ ቤት ከመሄዴ በፊት ኦብጀክት ቱ ፓዝ የሚለውን እጫናለሁ፣ ጽሁፉ ወደ ቅርጽ ይቀየራል፣ እዛ ፎንቱ ባይኖርም አይበላሽም። ዳር ዳሩን ሲቆረጥ የሚወድቅ 3 ሚሊሜትር ትርፍ መተው አትርሱ። አሁንም ግን ከማሳተሜ በፊት መድረሳ የሚያስተምር አንድ ኡስታዝ አሳየዋለሁ፣ ይሄን ማንም ፕሮግራም አይተካውም።

ለድረገጽ ስራ ፊግማ ነው፣ ብራውዘር ላይ የሚከፈት የዲዛይን መስሪያ። ሐይቅ ላይ ገስት ሀውስ የከፈተ ደንበኛ ነበረኝ፣ ባለቤቱ ጂዳ ነው ያለው፣ ድሮ ቢሆን እኔ ስክሪንሾት ስልክለት እሱ ቮይስ ሲልክልኝ ወር ይሄዳል፣ ሊንኩን ሰጠሁት፣ ገብቶ እዛው ዲዛይኑ ላይ «ይሄን ወደ ላይ አድርገው»፣ «የሐይቁ ፎቶ ትልቅ ይሁን» እያለ ጻፈልኝ፣ በአራት ቀን ጨረስን። ፎቶዎቹን ለማቅለል ስኩሽ የሚባል የጉግል ልጆች የሰሩት ድረገጽ አለ፣ መሀሉ ላይ መስመር አለ፣ ግራና ቀኝ እየጎተታችሁ ኦሪጅናሉንና የተጨመቀውን ታወዳድራላችሁ፣ 5 ሜጋ የነበረው የሐይቅ እስጢፋኖስ ፎቶ 300 ኪሎባይት ሆኖ ውሃው ላይ ያለው ሞገድ ምንም አልሆነም። በደካማ ኔትወርክ ለሚከፍት ሰው ይሄ ልዩነት ገጹን በማየትና ትቶ በመውጣት መሀል ነው።

ዌብኤይም የሚባል ድረገጽ ላይ ያለው የከለር ኮንትራስት (ጽሁፉና ጀርባው በድምቀት ምን ያህል እንደሚለያዩ) መለኪያም በጣም ጠቅሞኛል። የማር ሌብል ስሰራ ደንበኛዋ ነጭ ላይ ወርቃማ ጽሁፍ ነው የምፈልገው አለች፣ እኔ አይነበብም ስላት «ያምራል እኮ» ትለኛለች፣ መለኪያው ላይ ሁለቱን ከለር አስገብቼ ኮንትራስቱ 2.1 መሆኑን፣ ለትንሽ ጽሁፍ ቢያንስ 4.5 እንደሚያስፈልግ ሳሳያት ክርክሩ በአንዴ አለቀ፣ ጽሁፉን ጥቁር ቡኒ አድርገን ወርቃማውን ለጌጡ ተውነው። ባክግራውንድ በራሳቸው የሚያጠፉትን ድረገጾች ግን ለእቃ ፎቶ እንጂ ለሰው አልመክርም፣ ነጠላ የለበሰች ሴት ከሆነች ጫፉ ላይ ያሉትን ክሮች ይበሏቸዋል፣ እሱን ፎቶፒያ ላይ በማስክ በእጃችሁ ስሩት፣ ግማሽ ሰአት ቢፈጅ ነው።

የኒካህ ካርዱን ባዶ ቴምፕሌት የፈለገ በውስጥ ያውራኝ፣ በነጻ እልክለታለሁ፣ በፋይል። ህትመት ለምትፈልጉ ደግሞ የዛን ወንድማችንን ማተሚያ ቤት አድራሻ እነግራችኋለሁ፣ ሁሉንም ከማተሙ በፊት አንድ ናሙና አውጥቶ ከለሩን ያሳያችኋል፣ ስክሪን ላይ ያያችሁት አረንጓዴ ወረቀት ላይ እንደሚደበዝዝ አስቀድሞ ይነግራችኋል፣ ተሳስታችሁ ካመጣችሁም ደውሎ ይጠይቃል እንጂ ዝም ብሎ አያትምም። ላፕቶፗን አምና አዲስ ባትሪ አስገብቼ መለስኩለት፣ አሁን ታናሽ እህቱ ፎቶፒያ እየተማረችባት ነው።