በጾም ወደ ዮርዳኖሱ በረሃ ወደ ዋዲ ረም ለመሄድ ላሰባችሁ፦ እኚህን ሰው ያዙ

አማን የምትኖሩ ወገኖች፣ በተለይ «በረሃ ሄጄ ምን ልጾም፣ ምን ልበላ?» እያላችሁ ጉዞውን የምትተዉ፣ ይቺ ለእናንተ ናት።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሳምንት አራት ሆነን ዋዲ ረም ሄድን። ሦስታችን ጾመኞች ነን። አራተኛዋ አትጾምም፤ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚበስለው ምግብ፣ ስለ ዘርብ፣ ከሰማች ጀምሮ ሥጋውን ነው የምታልመው። እኔ አንድ ጊዜ በሌላ ካምፕ «ጾመኛ ነኝ» ስላቸው ሥጋውን ከላይ አንስተው ሩዙን አቅርበውልኛል። ስለዚህ ዘንድሮ በሶ ይዤ ነበር የወጣሁት። በሶው ሳይነካ ተመለሰ።

መንገድ መሪያችን ጠና ያሉ በደዊ (የበረሃ አረብ) ናቸው። «አሞ» ነበር የምንላቸው፤ አጎቴ እንደማለት ነው። ገና ከአማን ሳንነሳ የማንበላውን በዋትስአፕ ጠየቁን። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ አልናቸው። «ቅቤም?» አሉ። ቅቤም። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አልጠየቁንም።

ጠዋቱን ሙሉ በእግር ሄደን አንድ ቋጥኝ ጥላ ሥር አረፍን። አሞ ረተም የሚባለውን ቁጥቋጦ ጭራሮ ለቃቅመው እሳት አያያዙ። ዱቄት፣ ውሃና ጨው አቦኩ፤ ሌላ ምንም የለበትም። ፍሙን ገለጥ አድርገው ሊጡን ትኩሱ አሸዋ ላይ አስተኙትና ረመጡን መለሱበት። አንዴ አገላበጡት። ሲወጣ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው አመዱን አራገፉ። አርቡድ ይሉታል።

ጓደኛዬ «ብርኩታ ነው እኮ!» ብላ ጮኸች። ልዩነቱ መሀሉ የጋለ ድንጋይ የለውም። ነገሩን ስናስረዳቸው ሳቁ፤ ዳቦ ውስጥ ድንጋይ! በማግስቱ ጠዋት ግን ራሳቸው ድንጋይ መርጠው አመጡላትና ጋገረች። ግማሹ ጥሬ ሆነ፤ ቢሆንም በሉላት። አርቡዱን የበላነው በዘይት በተጠበሰ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ነው። የኛ ስልስ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዘርቡ። አሸዋ ውስጥ የተቀበረ በርሜል ነው፤ ከሥሩ ፍም አለ። ባለ ደርብ የብረት መደርደሪያ ላይ ሥጋውና አትክልቱ ይደረደርና ወደ ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ ይከደናል፣ ብርድ ልብስ ይለብሳል፣ አሸዋ ይመለስበታል። ሁለት ሦስት ሰዓት ማንም አይነካውም። ችግሩ የሥጋው ስብ ከታች ያለው አትክልት ላይ መንጠባጠቡ ነው። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። አሞ ግን አስበውበታል! የኛን ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት በፎይል ጠቅልለው ከላይኛው ደርብ፣ የጓደኛችንን ዶሮ ከታች አደረጉት። ሩዛችንንም በሌላ ድስት በዘይት ሠሩልን። ያመሰገንኳቸው ለዚህች ነገር ነው። የእናት እንጂ የአስጎብኚ ሥራ አይደለም።

ማታ ቡና ተፈላ። ቆሎ መስሎ ሳይጠቁር የተቆላ፣ ሄል የገባበት፣ መልኩ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። ለኛ ቡና አይመስልም፤ ግን ሙቀጫው በዜማ ሲወቀጥ ልብ ይነካል። እነሱም እንደኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አላቸው። የመጀመሪያው ለእንግዳ፣ ሁለተኛው ለደስታ፣ ሦስተኛው ለሰይፍ ነው፤ ሦስተኛውን የጠጣ ከባለቤቱ ጎን ይቆማል ማለት ነው። ስኒው ከሥሩ ብቻ ነው የሚቀዳው። ሞልተው ከሰጧችሁ «ጠጥታችሁ ሂዱ» እንደማለት ነው አሉን። ሲበቃችሁ ስኒውን ነቅነቅ አድርጋችሁ መልሱ። እኔ ይህን ሳላውቅ ዝም ብዬ እየመለስኩ አምስት ጠጣሁ። እንቅልፍ የሚባል የለም፤ ኮከብ ስቆጥር አነጋሁ።

ቅሬታ ካላችሁኝ፣ በጠዋት እንነሳለን ብለው አረፋፍደናል። ብርዱንም አቅልለው ነው የነገሩን፤ ወፍራም ጃኬት ያዙ።

ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል። ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጃለሁ። ጾመኛ መሆናችሁን ቀድማችሁ ንገሯቸው። መርየሚያ የሚባለው መዓዛማ ቅጠል ያለበት ሻይ ሲያቀርቡም ስኳሩን ቀነስ እንዲያደርጉ ንገሯቸው። እኔ ሦስት ጊዜ ነግሬያቸው አልሰሙኝም።